ለባሕር ዳርቻና ለመዋኛ ገንዳ የቱን ጫማ? ቤተሰብ ይዞ ለሚወጣ ሰው

ለዕረፍት ሻንጣ ሲዘጋጅ ጫማ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። የዋና ልብሱ ገባ፣ ፎጣው ታጠፈ፣ ክሬሙ ተገዛ። ከዚያ አንዱ ይነሳና በር ሥር የተደረደረውን ነጠላ ጫማ ሁሉ ሰብስቦ ሻንጣው ጥግ ይወሽቀዋል። እኛም ቤት ለዓመታት እንዲሁ ነበር። ልጄ 4 ዓመቷ እያለ ግን ገንዳ ዳር፣ እርጥብ ሴራሚክ ላይ፣ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ሾለከና በጀርባዋ ወደቀች። ጭንቅላቷን ከደረጃው ጠርዝ ያተረፈው አንድ ስንዝር ያህል ነው። ደግነቱ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሻንጣ የምጀምረው ከጫማ ነው።

ብዙ ዓይነት ገዝቼ፣ ግማሹንም ጥዬ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ልጆችና ትልልቅ ሰዎች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከሁሉም በፊት የሚታየው ተረከዝ ነው። ጫማው ተረከዝ ይይዛል ወይስ አይይዝም? መልኩ፣ ስሙና ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ መሬቱን እዩ

በአንድ የዕረፍት ቀን እግር የማይረግጠው የለም። ከክፍል ስትወጡ ሴራሚክ ነው። ቀጥሎ የጋለ አሸዋ። ከዚያ ዓይን የማያየው የባሕር ወለል። ከዚያ የስንቱ እግር ያለፈበት ሻወር ቤት። ማታ ደግሞ አስፋልት። አንዱ ላይ ጎበዝ የሆነ ጫማ ሌላው ላይ ጉድ ያደርጋችኋል።

አሸዋን ሰው ይንቀዋል። ጠዋት ልጆቹ በባዶ እግራቸው ሲቦርቁበት የነበረ ደረቅ አሸዋ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ አየሩ 40 ዲግሪ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። አዋቂ ሰው ሲያቃጥለው ሮጦ ያመልጣል። ትንሽ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ቆሞ ነው የሚያለቅሰው፤ ቆዳውም ከኛ የሳሳ ነው። እኔ የእጄን ጀርባ አሸዋው ላይ አድርጌ እስከ 5 እቆጥራለሁ። መቁጠሩን ካልጨረስኩ ያለ ጫማ ማንም አይወርድም። ማዕበሉ የሚያርሰው ክፍል ግን ሌላ ነው። እዚያ አሸዋው ቀዝቃዛ ነው፤ ልጆች በባዶ እግራቸው ቢጫወቱ ለእግራቸውም ለደስታቸውም ጥሩ ነው። ጫማ የሚያስፈልገው እዚያ እስኪደርሱና ከዚያ ሲመለሱ ነው።

ሴራሚኩ ላይ ችግሩ ውሃው ነው። በሶሉና በወለሉ መሃል ስስ ሽፋን ይሠራል። ሶል ላይ የተቆረጡት መስመሮች ያንን ውሃ ወደ ዳር ገፍተው ያስወጣሉ። መስመሩ አልቆ ሶሉ ልሙጥ ከሆነ ውሃው መውጫ ያጣል፣ እግሩም ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ጎማው ያለቀ መኪና ዝናብ ላይ እንደሚንሸራተተው ማለት ነው። ከሰው ገላ የሚንጠባጠበው የፀሐይ ክሬም ሲጨመርበት ደግሞ ወለሉ ቅቤ የተቀባ ይመስላል።

ሻወር ቤትና ልብስ መቀየሪያ ሁልጊዜ እርጥብና ሞቃት ናቸው። የእግር ጣት መሃል የሚያሳክከው ፈንገስና የውስጥ እግር ኪንታሮት ከሰው ወደ ሰው ከሚተላለፉባቸው ቦታዎች ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው። እዚያ በባዶ እግር መግባት አያስፈልግም። ማንኛውም የጎማ ጫማ ይበቃል።

ነጠላ ጫማ

ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አሸዋ አይዝም፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይወስድም። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የጎማ ነጠላ ጫማ አባቱ የጃፓኑ የሣር ነጠላ ጫማ ነው። ሃቫያናስ የሚባለው የብራዚል ነጠላ ጫማ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሠራ መነሻው እሱ ነበር። እግር የሚያርፍበት ገጽ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ቅርጽ ያለውም ከዚያ የተነሳ ነው።

ችግሩ ነጠላ ጫማ እግርን አይይዝም፤ እግር ነው እሱን የሚይዘው። በእያንዳንዱ እርምጃ ጣቶች ጫማው እንዳያመልጥ ይጨብጣሉ፣ እርምጃም ያጥራል። ከወንበራችሁ እስከ ሻወር ይህ ምንም አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስትሄዱበት ግን ማታ ውስጥ እግርና ባት ይነግራችኋል። ሩጫ ላይ ደግሞ የጫማው ጫፍ ይታጠፍና ይጥላል። ልጅ ደግሞ ይሮጣል። አትሩጥ ቢባልም ይሮጣል።

እግር ሲርስ ጨዋታው ሁሉ ይቀየራል። እርጥብ እግር በጫማው ውስጥ ወደፊት ይንሸራተታል፣ ጣቶች መሃል የሚገባው ዘንግም ቆዳ ይልጣል። ባሕር ውስጥ ከገባችሁበት የመጀመሪያው ማዕበል ይወስደዋል።

ስለዚህ ለአዋቂ ለአጭር መንገድ ጥሩ ነው፣ ለሻወርም ጥሩ ነው። ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅና ሚዛኑን ለመጠበቅ ለሚቸገር ትልቅ ሰው ግን እኔ አልገዛም። ጣት መሃል የማይገባው፣ ከላይ አንድ ሰፊ ማሰሪያ ብቻ ያለው ስላይድ የሚባለው ዓይነትም ያው ነው። ጣት አይልጥም፤ ተረከዝ ግን አይይዝም።

ክሮክስና መሰሎቹ

ብዙ ወላጅ ለልጅ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህን ከላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፎም ጫማ ነው፤ ምክንያትም አለው። ልጅ ራሱ ያጠልቀዋል፣ ራሱ ያወልቀዋል። ጣቶችን ይሸፍናል። ውሃ አይመጥም። እ.ኤ.አ. በ2002 ለገበያ ሲቀርብ የታሰበው ለጀልባ ነበር፤ ከውሃ ጋር ጸብ የሌለውም ለዚህ ነው።

ከኋላ ያለችው ማሰሪያ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ወደፊት ተገልብጣ ነው የምትውለው። ያኔ ክሮክሱ ከነጠላ ጫማ ብዙም አይለይም። ወደ ተረከዝ ስትመለስ ነው ጫማ የሚሆነው። የልጆቻችሁን ማሰሪያ በየጠዋቱ እናንተው ወደኋላ አውርዱላቸው። ማሰሪያዋ የላላች ከሆነም ጫማው ሰፍቷል ማለት ነው።

ከዚህ ጫማ ጋር የሚመጡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም።

አንደኛው መንሳፈፉ ነው። ጥሩ ይመስላል። እኔ ግን ያየሁት እንዲህ ነው። ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ የቆመ ትንሽ ልጅ አንድ እግሩን ሲያነሳ ክሮክሱ ወልቆ ይንሳፈፋል። ማዕበሉ ሲመለስ አንድ ክንድ ያርቀዋል። ልጁ እጁን ዘርግቶ አንድ እርምጃ ይከተላል። እንደገና ይርቃል፣ እንደገና ይከተላል። እናቱ ደርሳ ወገቡን ስትይዘው ውሃው ደረቱ ላይ ነበር። ክሮክስ የአሸዋ ጫማ ነው፣ የገንዳ ዳር ጫማ ነው። ባሕር ውስጥ ግን አይገባም። ለልጆቻችሁም ከቤት ሳትወጡ ንገሯቸው፤ የተንሳፈፈ ጫማ አይከተሉትም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የተሠራበት ፎም ሲግል ይኮማተራል። የተዘጋ መኪና ውስጥ ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ ውሎ አንድ ቁጥር ያነሰ የሚመስል ክሮክስ ብርቅ አይደለም። ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ነው፤ ኤርፖርትና ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ ያለው። ለስላሳ ጫማ ጎኑ በደረጃውና በግድግዳው መሃል ባለው ስንጥቅ ሊገባና እግር ይዞ ሊጎተት ይችላል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ልጁን እጁን ይዛችሁ ደረጃው መሃል ላይ አቁሙት፣ ከዳር አርቁት። በጉዞ ቀን ደግሞ ሌላ ጫማ ብታደርጉለት የተሻለ ነው።

ሶሉንም ገልብጣችሁ እዩት። ያለፈው ዓመት ክሮክስ ከሆነ ተረከዙና የአውራ ጣቱ ሥር ተልጎ መስታወት መስሎ ታገኙታላችሁ። እሱን ግቢ ውስጥ ይልበሰው። ገንዳ ዳር አይውጣ።

የስፖርት ሰንደል

አንድ ጫማ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እይዛለሁ። ታሪኩም ራሱ ስለ ተረከዝ የምለውን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1984 ማርክ ታቸር የሚባል፣ በአሜሪካው የግራንድ ካንየን ሸለቆ ውስጥ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ጀልባ የሚመራ ሰው፣ ነጠላ ጫማ በውሃ እየተወሰደ ቢያስቸግር ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ጨመረበት። ቴቫ የሚባለው ሰንደል ከዚያ ተወለደ። በሚፈስ ውሃ ውስጥ እግር ላይ የሚቆይ ጫማ ፈልጎ የሠራው ነው። እኛም የምንፈልገው ያንኑ ነው።

ጥሩ የስፖርት ሰንደል ቢያንስ ሁለት ቦታ ይጠብቃል፤ ከጣቶች በላይና ከተረከዝ ኋላ። ሶሉ ወፍራም ጎማ ስለሆነ ሙቀት አያሳልፍም፣ ጠጠርም አይወጋም። ሴራሚክ ላይ ይይዛል። ማታ ለራት ስትወጡም አያሳፍርም። ከፊት ጣት የሚሸፍን ዓይነትም አለ። ለልጅ እሱን ነው የምመክረው። ልጅ ሲሮጥ ድንጋይ የሚመታው በአውራ ጣቱ ነው፣ የተላጠ ጣት ይዞ ጨዋማ ውሃ ውስጥ መግባት ደግሞ ስቃይ ነው።

ጉድለትም አለው። ጣት የተሸፈነው ዓይነት ጠጠርና አሸዋ ያጠራቅማል፤ በየጊዜው ማራገፍ አለባችሁ። ማሰሪያው ጨርቅ ከሆነ ለመድረቅ ሰዓታት ይፈልጋል። አሸዋ ከማሰሪያው ሥር ገብቶ ከታሸም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቆዳ ይፍቃል። ከውሃ ስትወጡ እግሩንም ማሰሪያውንም ማለቅለቅ ነው መድኃኒቱ። ተጣባቂው ማሰሪያ አሸዋ ሲሞላው አይይዝም። እኔ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዤ እሄዳለሁ፤ ማታ ማታ ሁለት ደቂቃ ብፍቀው እንደ አዲስ ይይዛል። በብረት ዘለበት የሚታሰረውን ግን ተዉት። ጨው ያዝገዋል።

የውሃ ጫማ

ካልሲ ይመስላል፤ ከላይ የሚለጠጥ ጨርቅ፣ ከታች ስስ ጎማ። ሥራው አንድ ነው፣ ውሃ ውስጥ መግባት። እግር ላይ ልክክ ብሎ ስለሚቀመጥ ማዕበል አይወስደውም፣ ዋናም ብዙ አይከለክልም።

መግዛቱ የሚያዋጣው የባሕሩ ወለል ድንጋይ፣ ኮራል (ድንጋይ የሚመስል የባሕር ፍጥረት) ወይም የዛጎል ስብርባሪ ሲኖርበት ነው። የኮራል ቁስል ትንሽ ቢመስልም ቶሎ ያመረቅዛል፣ ለመዳንም ይዘገያል። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው፣ ሁለመናው እሾህ የሆነው የባሕር ጃርትም አለ። እሾሁ እግር ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። የውሃ ጫማ ለትንንሽ ነገር ሁሉ ጋሻ ነው፤ ጃርቱን ሙሉ ክብደት ጥላችሁ ከረገጣችሁት ግን እሾሁ ስስ ሶል ይበሳል። ስለዚህ ድንጋያማ ቦታ ከሆነ ወፈር ያለ ሶል ያለውን ምረጡ፤ እርምጃችሁም ዝግ ይበል።

አሸዋማ ወለል ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በአንዳንድ ባሕሮች ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ አሸዋ ለብሶ ይተኛል። የውሃ ጫማ ከእሱ አያድንም። የሚያድነው አረማመድ ነው። እግር ሳታነሱ አሸዋውን እየገፋችሁ ሂዱ፤ ንዝረቱን ሲሰማ ራሱ ይሸሻል። ለልጆች እንደ ጨዋታ አስተምሯቸው፣ በጣም ይወዱታል።

የውሃ ጫማ ቀኑን ሙሉ አይደረግም። ውስጡ እንደረጠበ ይውላል፣ ቆዳ ይልማል፣ የላመ ቆዳ ደግሞ በቀላሉ ይላጣል፤ ፈንገስም ይመቸዋል። ከውሃ ስትወጡ አውልቁት። ሶሉ ስስ ስለሆነ አስፋልት ላይ ረጅም መንገድ መሄድም ያደክማል። ሁላችሁም ገንዳ ውስጥ ብቻ የምትውሉ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አያስፈልጋችሁም።

የቀሩት

ኮንጎ የምንለው ዓይነት የፕላስቲክ ሰንደል ተረከዝ ስለሚይዝና ውሃ ስለማይመጥ ከነጠላ ጫማ ይሻላል። ጠርዙ ግን ጠንካራ ነው፤ ረጅም ሰዓት ሲደረግ ውሃ ያስቋጥራል። ስኒከር ለጉዞው ቀንና ለእግር መንገድ አንድ ጥንድ ይበቃል። ቆዳ ጫማ ቤት ይቆይ። ጨውና የገንዳ ክሎሪን ያደርቁትና ይሰነጣጥቁታል።

ለማን የቱን?

ገና ያልቆመ ሕፃን ጫማ አያስፈልገውም። ይልቅ የእግሩን ጀርባ ከፀሐይ ሸፍኑለት።

መራመድ የጀመረ ልጅ መሬቱን በእግሩ እየዳሰሰ ነው ሚዛን የሚማረው። ስለዚህ ሶሉ በእጅ በቀላሉ የሚታጠፍ የውሃ ጫማ ይስማማዋል። ወፍራም ሰንደል ያደናቅፈዋል።

ከ4 እስከ 10 ዓመት ላሉት ጣት የሚሸፍን የስፖርት ሰንደል ዋና ጫማቸው ይሁን። ባሕሩ ድንጋያማ ከሆነ የውሃ ጫማ ጨምሩ። ክሮክስ ካላቸውና ሶሉ ካላለቀ እሱም ለገንዳ ዳር ይሆናል።

ጎረምሶች ነጠላ ጫማ ይላሉ። ይሁን። በዚህ መጣላት ዕረፍት ያበላሻል። ድንጋይ ላይ ሊወጡ ወይም ረጅም መንገድ ሊሄዱ ሲሉ ብቻ ሰንደል እንዲያደርጉ ተስማሙ።

አያቶች አብረው የሚሄዱ ከሆነ ከልጆቹ እኩል አስቡላቸው። በነሱ ዕድሜ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዳሌ አጥንት ስብራት ወራት ያስተኛል። ተረከዝ የሚይዝ፣ ሳያጎነብሱ የሚያጠልቁት ወይም በአንድ ተጣባቂ ማሰሪያ የሚዘጋ፣ ሶሉ ሰፊና የማያዳልጥ ሰንደል ፈልጉላቸው። እማዬን ነጠላ ጫማዋን ለማስተው ሁለት ዕረፍት ፈጅቶብኛል። አሁን ሰንደሏን ቤትም ታደርገዋለች።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጉዳይ ለብቻው ይታይ። ሕመሙ የእግርን ስሜት ሲቀንስ የጋለ አሸዋ እያቃጠለ እንደሆነ፣ ጠጠር እየወጋ እንደሆነ ላይታወቅ ይችላል። ትንሽ ቁስል ትልቅ ትሆናለች። በባዶ እግር አይሂድ፣ እርጥቡ አሸዋ ላይም ቢሆን። ጣት የተሸፈነ ጫማ ያድርግ፤ ከማጥለቁ በፊት እጁን ከቶ ውስጡን ይዳስስ። ማታ ደግሞ ውስጥ እግሩን የሚያይለት ሰው ይኑር።

ነፍሰ ጡር ሴት እግሯ በሙቀት ያብጣል፣ ሚዛኗም ተለውጧል። የሚላላና የሚጠብቅ ማሰሪያ ያለው ሰንደል ለእሷ ከሁሉም ይመቻል።

ስትገዙ

እግር ቀኑን ሲውል በተለይም በሙቀት ያብጣል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ለኩ። ለልጅ ሰንደል ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይተው። ለሚቀጥለው ዓመት ይሆነዋል ብሎ ትልቅ መግዛት ግን ወደቀ ማለት ነው። የውሃ ጫማ ደግሞ ልኩ ልክ መሆን አለበት፤ ክፍት ቦታ ካለው ውሃ ይሞላና ይከብዳል።

ካጠለቃችሁለት በኋላ እግሩን አንስቶ በደንብ ያራግፍ። ተረከዙ ከሶሉ ከተላቀቀ መልሱት። ቤት ስትደርሱ ሌላ ሙከራ አለ። የሻወሩን ወለል አርጥቡ፣ ጫማውን እናንተው በእጃችሁ ውስጡን ይዛችሁ ወለሉ ላይ ተጭናችሁ ግፉት። ቆንጠጥ አድርጎ ከያዘ ይሆናል። ሽው ብሎ ከሄደ ገንዳ ዳርም እንዲሁ ነው የሚሄደው።

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ግዙና ቤት ውስጥ ይለማመዱበት። አዲስ ማሰሪያ መጀመሪያ ቀን ላይ ውሃ ሲያስቋጥር፣ የዕረፍቱን ግማሽ ፕላስተር ፍለጋ ታሳልፉታላችሁ። የሚፈትግ ቦታ ካለ ቫዝሊን ቀቡት። ሰንደል የሚያደርግ ሁሉ ደግሞ የእግሩን ጀርባ የፀሐይ ክሬም ይቀባ፤ የማሰሪያውን ቅርጽ የያዘ ቃጠሎ ማታ አንሶላ እንኳ አያስነካም።

ሻንጣ ጠቦ አንድ ጥንድ ብቻ ከሆነ የሚያዘው፣ መራመድ ገና ከጀመረው ልጅ በቀር ለሁሉም የስፖርት ሰንደል ይሁን። ሁለት የሚቻል ከሆነ ለልጆቹ ሰንደልና የውሃ ጫማ፣ ለአዋቂዎቹ ሰንደልና ነጠላ ጫማ። ሦስተኛ ጥንድ እኔ ተጭኖ ሲመለስ እንጂ ሲደረግ አላየሁም።

ማታ ማታ ሁሉንም በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ጎን ለጎን አቁሟቸው። የመጨረሻውን ቀን የባሕር ጉዞ ጠዋት አድርጉት። ከሰዓት በኋላ ጫማዎቹ ይደርቃሉ፤ እርጥብ ጫማ ታስሮ ሻንጣ ውስጥ ሲያድር ሽታው ልብሱን ሁሉ ይዞ ነው ቤት የሚገባው።